የወንዶች ቡና በባሕር ዳር፦ የሆድን ማውጣት እንዴት ይጀመራል?

ሽምብጥ_ዳር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አብረው እቁብ የሚጥሉ 11 ወንዶች አሉ። አብዛኞቹ ባጃጅ ይነዳሉ፣ ሁለቱ መምህራን ናቸው፣ አንዱ ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜያቸው ከ26 እስከ 50 ይሆናል። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ዕጣ ይወጣል፣ ቢራ ይከፈታል፣ ስለ ኳስና ስለ ነዳጅ ሰልፍ ይወራል፣ ይበተናል። አሁን ጥቂቶቹ «ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ጭንቀት በግልጽ የምናወራበት ሰዓት ቢኖረንስ?» የሚል ሐሳብ አንስተዋል። እንዴት እንደሚጀመር ግን የሚያውቅ የለም። ስንት ሰው ይሁን? ማን ይምራው? በምን ጥያቄ ይከፈት? ሰው ቢያለቅስስ ምን ይደረጋል? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልኝ፤ «ተወያዩ፣ ጥሩ ነው» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ።

አቦል_በረካ፦

11 ሰው ይበዛል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ልኩ ከ7 እስከ 9 ሰው ነው። በ11 ሰው እያንዳንዱ ስምንት ደቂቃ ቢናገር ብቻ ሰዓቱ አለቀ፣ ዝምተኛውም መደበቂያ አገኘ። ከ5 ካነሰ ደግሞ ሁለት ሰው የቀረ ዕለት ይፈርሳል። እቁቡን እንዳለ ወደ ውይይት አትለውጡት። እቁቡ እቁብ ሆኖ ይቀጥል፤ የፈለጉት ብቻ በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ ይገናኙ። ገንዘብና ምሥጢር አንድ ላይ ከገቡ፣ በዕጣ የተቀያየመ ሰው የሰማውን ነገር መምቻ ያደርገዋል።

ቢራውን ተዉት። ምላስ ይፈታል፣ እውነት ነው። ነገር ግን በሞቅታ የተናገረ ሰው ጠዋት ያፍርና ሁለተኛ አይመጣም። የሰማውም ጠጥቶ ስለነበር ግማሹን ረስቶታል። በቡና አድርጉት፤ ቡናውን ደግሞ ቆልታችሁ፣ ወቅጣችሁ፣ አፍልታችሁ የምትቀዱት ራሳችሁ ሁኑ። ይህ ለማስመሰል አይደለም። እጁ ሥራ ላይ ያለ ወንድ ዓይን ለዓይን ከሚፋጠጠው ይልቅ ቶሎ አፉ ይፈታል። ሦስቱ ዙር ደግሞ የውይይቱን ቅርጽ ተዘጋጅቶ ይሰጣችኋል።

አቦል ላይ ሁሉም በየተራ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይናገራል። ጥያቄው «እንዴት ነህ?» መሆን የለበትም። ለእሱ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው፤ በሩ ወዲያው ተዘጋ። «ከባለፈው ወዲህ የከበደህ ምን ነበር?» በሉ። ማለፍ የፈለገ «ይለፈኝ» ይበል፣ ማንም አይጫነው። ከቡናው መቆላት ጋር ይህ 30 ደቂቃ ይወስዳል።

ቶና ላይ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ፣ ቢበዛ የሁለት ሰው፣ ለ40 ደቂቃ ይሰማል። እዚህ ዙር ላይ ምክር ክልክል ነው። የሚፈቀደው ጥያቄ ነው፦ «መቼ ጀመረ?» «ያን ጊዜ ምን ተሰማህ?» «ምን ይመጣል ብለህ ፈራህ?» «ለምን?» የሚለውን ግን አስቀሩት፤ በእኛ አነጋገር «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ምርመራ ነው፣ ሰውየው መከላከል ይጀምራል። ተናግሮ ሲጨርስ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው የሚመጣው።

በረካ 20 ደቂቃ ናት። እያንዳንዱ እስከሚቀጥለው ድረስ የሚያደርጋትን አንዲት ትንሽ ነገር ይናገራል። «ጥሩ አባት እሆናለሁ» አይጠቅምም። «ማክሰኞ ማታ ስልኬን አስቀምጬ ከልጄ ጋር የቤት ሥራ እሠራለሁ» ይጠቅማል፣ በሚቀጥለው አቦል ላይ ይጠየቅበታልና። ከዚያ ታላቁ ይመርቅና ይበተናል።

መሪው የመጀመሪያዎቹን አራት ስብሰባዎች አንድ ሰው ይሁን፣ ከዚያ ተራ ይግባ። ታላቁን አትምረጡ፤ ሁሉም የእሱን ፍርድ ይጠብቃል። ተጫዋቹንም አትምረጡ፤ ነገር በከበደ ቁጥር ወደ ሳቅ ይወስዳችኋል። ሰዓት የሚጠብቅና ተናግሮ ያልጨረሰን ሰው የማያቋርጥ ይበቃል። ቡና አፍዪው ሌላ ሰው ይሁን፤ ሁለቱን አንድ ሰው አይችለውም።

«እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል» ማለት ብቻውን አይበቃም፣ ቁርጥ አድርጋችሁ ተናገሩት፦ ለሚስትም አይነገርም፣ ስም ተለውጦም አይወራም፣ ቴሌግራም ላይ አይጻፍም። የቴሌግራሙ ግሩፕ ለቦታና ለሰዓት ብቻ ይሁን። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ የራሱን ወይም የሌላን ሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሰማችሁ ዝም አይባልም። ይህንን በመጀመሪያው ቀን፣ ማንም ምንም ከመናገሩ በፊት ማስታወቅ አለባችሁ።

ሰው ሲያለቅስ፦ አትደንግጡ፣ ሲኒ አታንሱ፣ «በቃ በቃ» አትበሉ። አጠገቡ ያለው እጁን ትከሻው ላይ ማሳረፍ ይችላል። አንድ ሰው ቀስ ብሎ «ጊዜ አለን» ይበል፣ ከዚያ ሁሉም ይጠብቅ። ቶሎ ማባበልና ቶሎ መምከር የሚያስታግሰው የሚያየውን ሰው ጭንቀት ነው፤ የሚያለቅሰው ግን ገና አልጨረሰም።

ቦታ፦ ካፌ አይሆንም። ባሕር ዳር ውስጥ ካፌ ቁጭ ብሎ በአምስት ደቂቃ አንድ የሚያውቀው ሰው የማያገኝ የለም፤ ሰላምታው ብቻ ነገሩን ይበትነዋል። በሐይቁ ዳር ካሉት ዋርካዎች ሥር፣ ወደ ውኃው ፊታችሁን ሰጥታችሁ ግማሽ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ። ጎን ለጎን መሆን ለወንድ ይቀልለዋል። ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምራችሁ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ። ጀንበር ስትጠልቅ የወባ ትንኟ ትመጣለች፣ ያኔ ሁሉም እግሩን እየመታ ስለሆነ የሚሰማ የለም።

ማቶት፦

ለ8 ሰው ሁለት ሲኒ ጥሬ ቡና፣ ወደ 100 ግራም ይመጣል። አሥር ሲኒ የሚይዝ ጀበና ያስፈልጋል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ ከምጣዱ ላይ እጅ አይነሳ። ለጀማሪ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ እሳት ያበዛና ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፣ ቡናው ይመራል ደግሞም ይኮመጥጣል። ሲንጣጣ ሰምታችሁ፣ ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ወዝ ሲያወጣ አውርዱ። ከፈላ በኋላ ማቶቱ ላይ አዘንብላችሁ አምስት ደቂቃ አስተኙት፣ አለዚያ አተላ ትጠጣላችሁ። ያቺ አምስት ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ የሚጠብቅባት ናት፤ ለመሪውም ትጠቅማለች።

ቃል_ለቃሚ፦

አቦል_በረካ «ምን ተሰማህ?» ብላችሁ ጠይቁ ብሏል። ችግሩ መልሱ ላይ ነው። አብዛኛው ወንድ ሁለት መልስ ነው ያለው፦ «ምንም» እና «ተናደድኩ»። ቃል ጠፍቶ አይደለም፤ አማርኛ በዚህ ሀብታም ነው፣ እንጠቀምበት።

ግሱን ተመልከቱ። «ከፋኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ቆጨኝ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ጭር አለብኝ»፣ «ናፈቀኝ»። በእነዚህ ሁሉ ሰውየው አድራጊ አይደለም፣ ነገሩ መጥቶበት ነው። እንደ ዝናብ፣ እንደ ብርድ። ብርድ መታኝ ብሎ የሚያፍር ወንድ የለም፤ ከፋኝ ለማለትም ማፈር አይገባውም ነበር። «ፈራሁ»፣ «አፈርኩ»፣ «ቀናሁ»፣ «አኮረፍኩ» ደግሞ ሌላ ወገን ናቸው፣ ባለቤታቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ለመናገር ይከብዳሉ። አዲስ የሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ወገን ቢጀምር ይቀልለዋል። ሁለተኛው ወገን በሦስተኛው በአራተኛው ስብሰባ ይምጣ።

ከዚያ ከባዱ ይመጣል። «አናደደችኝ» እና «ተናደድኩ» ያላቸውን ልዩነት አስተውሉ። በመጀመሪያው ክሱ እሷ ላይ ነው። «ናቀችኝ» ደግሞ ጭራሽ ስሜት አይደለም፣ እሷ አድርጋዋለች ብሎ ያሰበውን መናገር ነው። አንድ ሰው «ናቀችኝ» ካለ የሚቀጥለው ጥያቄ «የናቀችህ ሲመስልህ አንተን ምን አለህ?» ነው። ብዙ ጊዜ የሚወጣው «አፈርኩ» ወይም «ሆድ ባሰኝ» ነው። «ናቀችኝ» ለተባለ ነገር መልሱ ጠብ ነው። «ሰው ፊት ስትናገሪኝ አፈርኩ» ለተባለ ነገር መልሱ ወሬ ነው፤ እሷም የምትመልሰው ነገር ታገኛለች።

ቃሉ አልመጣ ካለ ከአካል ይጀመር። ደም ፈላ፣ ልብ መታ፣ ሆድ ባባ፣ አንጀት ተንሰፈሰፈ፣ ራስ ዞረ፣ ደረት ጠበበ፣ ጨጓራ ተላጠ። «የት ላይ ነው የሚሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ለወንድ ከ«ምን ተሰማህ» ይቀላል። ሰም ለበስ ነገር የለመደ ሕዝብ ነን፣ ዙሪያ ጥምጥም መጀመር ነውር የለውም።

ወረቀት ላይ ሃያ ቃል ጻፉና ክቡ መካከል አስቀምጡት፦ ከፋኝ፣ ሰጋሁ፣ ቆጨኝ፣ ተጸጸትኩ፣ ቅር አለኝ፣ ተከዝኩ፣ ታከተኝ፣ ተስፋ ቆረጥኩ፣ ብቸኝነት ተሰማኝ... አቦል ላይ እያንዳንዱ አንዱን ይምረጥ፣ «ደህና ነኝ» የሚለውን ግን ወረቀቱ ላይ አታካትቱት።

አያ_ደጋዳሞት፦

ሁሉንም አነበብኩት፣ ዝም ማለት አልቻልኩም። አባት ከተሰበረ ቤቱን ማን ያቆመዋል? ልጅ አባቱን ሲያለቅስ ካየ በማን ይመካል? ወንድነት መቻል ነው። ችለው ነው አባቶቻችን ያቆዩን። ይህ ሁሉ «ስሜትህን አውጣ» የሚባል ነገር ከውጭ የመጣ ነው፣ እኛ አገር ወንድ የሆዱን በሆዱ ይዞ ነው የሚያድረው። አክብሬ ነው የምጽፈው፣ ነገር ግን ለዘብተኛ ወንድ ለዚህ ዘመን አይሆንም።

ጥናት_ቤት፦

አያ፣ ያነሱት ጉዳይ የዚህ ክር ዋናው ነጥብ ይመስለኛል፤ በደፈናው አልመልስም።

መቻል የሚለውን ቃል አልጥለውም፣ ትልቅ ቃል ነው። ነገር ግን «ቻለው» እና «ዋጠው» ይለያያሉ። የቻለ ሰው የሚሰማውን ያውቃል፣ ቦታና ጊዜ መርጦ ያወጣዋል። የዋጠ ሰው ፊቱን ብቻ ነው ያስተካከለው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄምስ ግሮስ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ በቤተ ሙከራ አጥንቷል። ስሜቱን ከፊቱ የሚደብቅ ሰው መጥፎው ስሜት አይቀንስለትም፤ ሰውነቱ ይበልጥ ይደክማል፣ በዚያ ሰዓት የሰማውንም በደንብ አያስታውስም። በጣም የሚያሳስበው ደግሞ አጠገቡ ያለውም ሰው ይጨነቃል፤ ስሜቱን ከሚደብቅ ሰው ጋር የሚያወራው ሰው የደም ግፊት ሲጨምር ተመዝግቧል። እንግዲህ አባት ዋጥ አድርጎ ቤቱን ያረጋጋ ሲመስለው ልጆቹ በሰውነታቸው ያውቁታል።

በዚያው ጥናት የተሻለ ሆኖ የተገኘው መንገድ ነገሩን ገና ሳይገነፍል በሌላ ዓይን ማየት ነው። ልጁ ፈተና ሲወድቅ «አዋረደኝ» ብሎ የሚያስብና «ይህ ልጅ እርዳታ ፈልጓል» ብሎ የሚያስብ አባት፣ ሁለቱም ወንድ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን የሚውጠው ነገር ቀድሞውኑ አነሰ። ይህ ልቅሶ አይደለም፣ ለዘብተኝነትም አይደለም። ሽማግሌ የሚባለው ሰው ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው።

«ከውጭ የመጣ» ለሚለው፣ ስሙ አዎ። «ስሜታዊ ብልህነት» የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1990 የጻፉት ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር ናቸው። ይዘቱ አራት ነገር ነው፦ ስሜትን ከፊትና ከድምፅ ማወቅ፣ ለማሰብ መጠቀም፣ ከምን እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ መረዳት፣ መግራት። አራተኛው ላይ ብቻ የሚመካ ወንድ የሚገራውን ሳያውቅ ልጓም እንደያዘ ሰው ነው።

ዘንግ_ይዞ፦

አያ ደጋዳሞት፣ እድሜ ይስጥልኝ። በአንድ ነገር ግን ላርምዎት። ጎጃም ውስጥ ወንድ አያለቅስም የተባለው በየትኛው ለቅሶ ነው? የሞተበት ወንድ ደረቱን እየመታ፣ የሟቹን ጀብዱ እየጠራ፣ እየፎከረ በአደባባይ ሲያለቅስ ኖሯል። ለሐዘኑ ፀጉሩን ይላጫል። በሬ ጠምዶ ሲያርስ ያንጎራጉራል፣ ያ እንጉርጉሮ የሆድ ወሬ ነው። አባቶቻችን ስሜት አልነፈጉንም፤ ቦታውን ለይተው ሰጡን። የለቅሶ ድንኳን፣ የማሳ ዳር፣ የንስሐ አባት ፊት። ከተማ ገብተን እንጉርጉሮው ቀረ፣ ድንኳኑ በሦስት ቀን ይነሳል፣ ንግግሩን ግን ይዘነው መጣን፦ ወንድ ልጅ አያለቅስም።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። እድርተኛ ሁሉ በሦስቱ ቀን አለ፣ በአርባው አለ። ሐዘንተኛ ወንድ የሚጠፋው በመካከል ነው፤ ድንኳን ከተነሳ በኋላ ባለው ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንት። ቤት ውስጥ እህቶች እናቲቱን ወይ ሚስቲቱን ከበዋል፣ እሱን ግን «ወንድ ነው፣ ይችለዋል» ብለው ትተውታል። እነዚያን ሳምንታት ሁለት ሰው ተመድቦ በየሦስት ቀኑ ይሂድለት። ስለ ሟቹ በስሙ ጠርታችሁ አውሩ፤ ሐዘኑን ለማስረሳት ብላችሁ ስሙን አትዝለሉት።

ከሽምግልና የምትዋሱት፦ ተናጋሪ ሳይጨርስ አይገባበትም። የማትዋሱት ደግሞ ፍርዱንና ፈጣን ዕርቁን ነው። ሽምግልና የተሠራው ለሁለት ሰው ጠብ ነው። አንድ ሰው ከራሱ ጋር ሲጣላ «በል ተወው» ብሎ ማስታረቅ አይሠራም።

እትዬ_ዘጌ፦

ከሴት ወገን ሁለት ነገር።

የመጀመሪያው፣ ባሎቻችን መናገር ሲጀምሩ የምንቀበልበትም መንገድ ይታሰብ። «ዛሬ ሥራ ላይ ፈራሁ» ያለውን ባል «አንተም ወንድ ሆነህ?» ያለችው ሚስት ለዓመታት ዘጋችው። በሌላ ጊዜ ስትጣላም ያን የነገራትን ነገር አንስታ አትውጋው። በሌላ በኩል ሁሉን ነገር ሚስት ላይ ብቻ አታራግፉ፣ የዚህ ቡና ጥቅሙ እሱም ነው። የባሏን ጭንቀት፣ የልጆቹን፣ የአማቷን፣ የራሷን አንዲት ሴት አትሸከመውም። ከቡናው ስትመለሱ ደግሞ የእሷን ጠይቁ። የራሱን ስሜት ሃያ ቃል ተምሮ የሚስቱን ፊት ማንበብ ያልቻለ ወንድ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ሚስቱን የሚመታ ሰው በቡናው መካከል ካለ፣ ነገሩን «ስሜቱን መቆጣጠር አቅቶት ነው» ብላችሁ አትዩት። ያ ሰው አለቃው ሲሰድበው አለቃውን አይመታም፣ ትራፊክ ፖሊስን አይመታም። መቆጣጠር ያውቃል፤ ቤት ሲገባ ነው የሚለቀው። ስለዚህ «ምን ተሰማህ?» ከመባሉ በፊት «እጅህ እንዳይነሳ ከዛሬ ጀምሮ ምን ታደርጋለህ? እሷና ልጆቹ የት ደህና ይሆናሉ?» ይባል። አዛኝ ቃላት ተምሮ ተመልሶ እሷን ለማባበል የሚጠቀምበትም አለ፣ ይህን ዓይናችሁን ገልጣችሁ እዩ። ምስክሩ የእሱ ንግግር ሳይሆን የቤቱ ፀጥታ ነው፤ የፍርሃት ፀጥታውን ከሰላሙ ለዩት።

ሃያ_ደቂቃ፦

ስለ ኩርፊያ ማንም አላነሳም፣ እኛ አገር ዋናው የወንድ በሽታ ግን እሱ ነው። ሦስት ቀን፣ አንድ ሳምንት፣ ሳይናገሩ አንድ ቤት መኖር።

የኩርፊያ መነሻ ብዙ ጊዜ የሰውነት ነገር ነው። የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማን ጥንዶች ሲጣሉ ልባቸውን ለክቷል። ምቱ በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው መስማት ያቆማል፣ የሚሰማው ጥቃት ብቻ ነው። ያኔ ወንዱ ግድግዳ ይሆናል። ሰውነቱ እስኪረጋጋ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል።

እንዴት ይለካል? ሁለት ጣት የአውራ ጣት ሥር ባለው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፎ 15 ሰከንድ መቁጠር። 25 ከደረሰ 100 ነው። ያን ጊዜ ክርክሩን አቁሙ፣ ግን ዝም ብላችሁ አትውጡ። «ልቤ በጣም እየመታ ነው፣ አሁን ብናገር አበላሻለሁ። ልውጣና ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሼ እንነጋገራለን» በሉ። የመመለሻ ሰዓቱ የግድ ነው። ያለ ሰዓት የወጣ ሰው አኮረፈ፤ በሰዓት የወጣ ሰው አረፈ። ሲወጣም ግሮሰሪ አይግባ። በሐይቁ ዳር ያለውን የእግር መንገድ ይሂድ፣ እስትንፋሱን ሲያስወጣ ከማስገባቱ ያርዝም፣ አራት ቆጥሮ ማስገባት፣ ስድስት ቆጥሮ ማስወጣት።

የሚበላሸው እዚህ ነው፦ እየሄደ በልቡ ክርክሩን ከቀጠለ፣ «እንዲህ ስትለኝ እንዲህ እላታለሁ» እያለ ካሰናዳ፣ አንድ ሰዓት ቢሄድም ልቡ አይረጋም። ዓይኑን ለሌላ ነገር ይስጠው። ጣንኳ የሚቀዝፍ ሰው ካለ ቀዘፋውን ይቁጠር። ተመልሶም መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ይሁን፣ ቀጠሮውን የያዘው እሱ ነውና።

ፎገራ_ሜዳ፦

ወንድነት እየተለወጠ ያለው በወሬ ብቻ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህንን አስቀርቶ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የሁለቱም ስም አብሮ ተጻፈ። ትዕዛዝ ሰጪነት የነበረ ወንድነት ከእጁ ሲወጣ የሚተካው ነገር ያልተዘጋጀለት ሰው ይቆጣል፣ ይጠጣል። ከዚህ ከባሕር ዳር ተነስታችሁ ወረታን አልፋችሁ ወደ ደብረ ታቦር ስትሄዱ ያለውን አውራምባን ደግሞ አስታውሱ፤ ዙምራ ኑሩ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በመሠረቱት ማኅበረሰብ ወንድ ይፈትላል፣ ሴት ታርሳለች። ሁሉም እንደነሱ ይሁን አልልም። ግን ከሩቅ አገር ምሳሌ ከመፈለጋችን በፊት ፎገራ ላይ ሃምሳ ዓመት ያለፈው አለ።

ጠመኔ፦

ለልጅ አባቶች አጭር ነገር። ወንድ ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ «አይዞህ» ቶሎ አትበሉ። ቃሉ ውብ ነው፣ ቦታው ግን ሁለተኛ ነው። ቀድሞ ሲባል «ዝም በል» ይሆናል። እንዲህ አድርጉ፦ ተንበርከኩ፣ ዓይናችሁ ከዓይኑ እኩል ይሁን። «ደነገጥክ? አመመህ?» ብላችሁ ሁለቱን ለዩለት፤ ልጅ ድንጋጤንና ሕመምን መለየት ይማር። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ሲረጋጋ «አይዞህ» በሉት፤ ያኔ ድፍረት ይሆነዋል። «እንደ ሴት አታልቅስ» ያለ አባት ደግሞ በአንድ አረፍተ ነገር ወንዱን አፍ አስያዘው፣ እህቱን ደግሞ አዋረዳት።

ከ12 ዓመት በላይ ያለው ልጅ ፊት ለፊት ተጠይቆ አይመልስም። መኪና ውስጥ፣ በእግር መንገድ፣ አብሮ ድንች እየላጡ ጠይቁት።

ነጭ_ጋውን፦

ቡናው የማይችለው ነገር አለ፣ ይህን ለዩ።

ወንድ ላይ የመንፈስ ጭንቀት ብዙ ጊዜ በልቅሶ አይታይም። በቁጣ፣ በመጠጥ፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በአነዳድ ግዴለሽነት፣ በራስ ምታትና በጨጓራ ይታያል። ጨጓራውን ሦስት ጊዜ ታክሞ የማይሻለው ሰው ካለ ስለ ኑሮው ጠይቁት። ሁለት ሳምንት በተከታታይ አብዛኛውን ቀን ከከፋው ወይም ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ፣ ሐኪም ማየት አለበት። ልጅ የተወለደለት አባትም ይህ ይደርስበታል፤ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ከአሥር አባቶች ወደ አንዱ እንደሚሆን አሳይተዋል። ሁሉም ዓይን አራሷ ላይ ስለሆነ እሱን የሚጠይቀው የለም።

በዓለም ላይ ራሱን የሚያጠፋው ወንድ ቁጥር ከሴቷ በእጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ «መኖር ታከተኝ»፣ «ብሞት ይሻላል» ያለን ሰው በግልጽ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፣ ይህ ተጠንቶ የታወቀ ነው። ብዙዎች እንዲያውም የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው ይቀልላቸዋል። «አዎ» ካለ፦ ብቻውን አይተው። በቤቱ መሣሪያ ካለ ወንድሙ ወይም ጎረቤት ዘንድ ይቀመጥ፤ የእርሻ መድኃኒትም እንዲሁ ከቤት ይውጣ። አደገኛው ሰዓት አጭር ነው፣ በዚያ ሰዓት እጁ ላይ የሚገባ ነገር አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል። በዚያው ቀን አብራችሁት ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። «ነገ ሂድ» ብላችሁ አትሸኙት፤ አብራችሁ ወረፋ ጠብቁ። ጠበል የሚሄድ ከሆነም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይሂድ።

ሽምብጥ_ዳር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። 8 ሰው ተስማምቷል፣ ከእቁቡ ተለይቶ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ከመካከላቸው ሁለቱ ሙስሊም ናቸው፣ ሦስቱ ደግሞ ጾም አጥባቂ ናቸው። ቀኑና ሰዓቱ እንዴት ይሁን? ሌላም፣ በመጀመሪያው ቀን አንድም ሰው ባይናገርስ?

አቦል_በረካ፦

ቅዳሜ 9 ሰዓት ከጁምዓም ከቅዳሴም አይጋጭም። በዐቢይ ጾም ብዙዎች ከ9 ሰዓት በፊት ምንም አይቀምሱም፤ ለዚያ ወቅት 9 ሰዓት ተኩል አድርጉት። በረመዳን የቀን ቡና አይሆንም፤ ያን ወር ከአፍጥር በኋላ በአንዳችሁ ቤት ተገናኙ፣ አለዚያም ቡናውን ለወሩ ትታችሁ አብራችሁ በእግር ሂዱ። የሚጾመው ሰው ፊት ሲኒ አይቀመጥ።

በመጀመሪያው ቀን ዝም ቢባል አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው። መሪው ቀድሞ ትንሽ የራሱን ይናገር፣ ግን መካከለኛ ነገር ይሁን። በጣም ከባድ ካነሳ ሌላው የእሱ ጉዳይ ቀላል መስሎት ይውጠዋል፤ በጣም ቀላል ካነሳ ስለ ነዳጅ ሰልፍ ይቀጥላል። «ልጄ ትናንት ስጠራው ከስልኩ ቀና አላለም፣ ቅር አለኝ» ዓይነት ነገር ልኩ ነው። ሁለተኛውን ቀጠሮ ሳትነሱ በፊት ያዙ፣ በስልክ አትተዉት። ጀበናውን ማን እንደሚያመጣ፣ ማን እንደሚቆላ ደግሞ ከዛሬ ወስኑ፤ ካልወሰናችሁ ቅዳሜ ጠዋት አንዱ ሚስቱን «አፍይልን» ብሎ ይዟት ይመጣል።